«አንድ ቁም ነገር ያለው መጽሐፍ ስጠኝ»፦ ስለ ልቦለድ መስማት የሰለቸኝ ነገር

መጽሐፍ መሸጥ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሱቄ ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ስለዚህ አንዱ የሚለው ለሁሉም ይሰማል፤ እኔም ያንኑ ነገር ስሰማ እውላለሁ። ዛሬ ልተንፍስ።

«ልቦለድ ጊዜ ማባከን ነው፤ ሳይኮሎጂ ስጠኝ» የሚለኝ አለ። እሰጠዋለሁ። ባለፈው ወር የወሰደውንም አልጨረሰውም።

«የፍቅር ልቦለድ የሴት ነው» ይሉኛል። ይህን ከሚሉኝ ወንዶች ብዙዎቹ «ለእህቴ ነው» ብለው የፍቅር መጽሐፍ የሚገዙ ናቸው። በሳምንቱ ተመልሰው «ክፍል ሁለት የለውም?» ይሉኛል። ለእህታቸው መሆኑ ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ተርጉሟል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የሚካሄድ የፍቅር ልቦለድ ነው። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ሰው እዚያ ቦታ ሆኖ የደከመበትን ነገር «የጎረምሳና የኮረዳ ጨዋታ» የሚለኝ ካለ ሱቄ ክፍት ነው፣ ይምጣ።

«የወንጀል ምርመራ ልቦለድ የፈረንጅ ነው» ለሚሉት መልሴ አጭር ነው። ይልማ ሀብተየስ በአማርኛ ወንጀለኛ ሲያሳድድ እነሱ ገና አልተወለዱም። ማሞ ውድነህም የስለላ ታሪክ እየተረጎመ ስንቱን እንቅልፍ ነሥቷል። «ገዳዩን ካወቅኩት በኋላ ምን ይሠራልኛል?» የሚለውም ተሳስቷል። ሁለተኛው ንባብ እኮ ነው የሚጥመው፤ ደራሲው የት የት ላይ እንደሸወደህ ታያለህ።

ታሪካዊ ልቦለድ ያነበበ ሁሉ ታሪክ ያወቀ የሚመስለው ሰው ግን ያበሳጨኛል። በቅርቡ ሁለት ደንበኞቼ ስለ አፄ ቴዎድሮስ ተያያዙ። አንደኛው ንጉሡ ተናገሩት ያለውን ቃል በቃል ጠቀሰ። «የት አገኘኸው?» ስለው ልቦለድ ውስጥ! ወንድሜ፣ ያን ንግግር ያሰማመረው ደራሲው ነው። ንጉሡ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን መጠጣታቸው ታሪክ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት በልባቸው ያሰቡት ግን የደራሲ ሥራ ነው። የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» እና የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» የተጻፉት ንጉሡ ካረፉ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ አገሩ ለውጥ ለውጥ በሚልበት ሰዓት ነው። ስለ ቴዎድሮስ የሚነግሩህን ያህል ስለ ጻፏቸው ሰዎች ዘመንም ይነግሩሃል። ዜና መዋዕሎቹ ራሳቸው አይስማሙም፤ አለቃ ዘነብ ያወድሳቸዋል፣ አለቃ ወልደ ማርያም ይወቅሳቸዋል። ልቦለዱን አንብብ፣ ካጓጓህ ዜና መዋዕሉን ጨምርበት። (ሁለቱንም እሸጣለሁ።)

ከሁሉም የሚብሰኝ ግን «ምርጥ መጽሐፍ ለማንም ምርጥ ነው» የሚለው ነው። ማንበብ ልጀምር ላለ ሰው ሁሉም ተሯሩጦ የሚሰጠው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ትልቅ ነው። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ አንባቢ አጥቶ አያውቅም። ግን ከ500 ገጽ በላይ ነው። ሰብለ ወንጌል እስክትመጣ መጀመሪያ የበዛብህን ወላጆች መተዋወቅ አለብህ፤ ጋብቻቸውን፣ ስለታቸውን፣ ሁሉንም። በዓመት አንድ መጽሐፍ ጨርሶ ለማያውቅ ሰው ይህን ማሸከም ዋና ለሚማር ልጅ ዓባይን እንደማሳየት ነው።

ስህተቱን እኔም ሠርቼዋለሁ። የሕንፃችን የሌሊት ጥበቃ አንድ ማታ መጡና «ልጄ፣ የሚያስነቃ መጽሐፍ አለህ?» አሉኝ። እኔ ጎበዝ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አዋስኳቸው። በሁለተኛው ሳምንት መለሱልኝ። ሠላሳኛው ገጽ ላይ የሎተሪ ቲኬት ምልክት ሆኖ ተቀምጧል። «ጥሩ ነው፤ ግን ያስተኛኛል» አሉኝ።

ሰውየው የጠየቁኝ የሚያስነቃ ነበር! እኔ የሰጠኋቸው የምወደውን ነው።

ቀጥሎ ሽፋኑ የተገነጠለ ስስ የምርመራ ልቦለድ ሰጠኋቸው። በሦስተኛው ሌሊት የሕንፃው ባለቤት መኪናቸውን አቁመው ክላክስ ቢያደርጉ፣ ቢያደርጉ በር የሚከፍት ጠፋ። አባባ ገዳዩ ሊያዝ ሁለት ገጽ ቀርቷቸው ነበር። በማግስቱ ቁጣው ለእኔም ደረሰኝ።

ከዚያ ወዲህ «ምን ትወዳለህ?» ብዬ አልጠይቅም። ሰው ለዚህ ጥያቄ ይዋሻል፤ የሚያስከብረውን ስም ይጠራል። የምጠይቀው «ሳትጨርስ የተውከው መጽሐፍ የቱ ነው? የት ላይ ተውከው?» ብዬ ነው። እዚህ ላይ ማንም አይዋሽም። «ገና መጀመሪያው ላይ፣ ስሙ በዛብኝ» ካለኝ ሦስት ትውልድ የሚዘረዝር ታሪካዊ ልቦለድ አላሳየውም። ቀጥሎ መቼ እንደሚያነብ እጠይቃለሁ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ለሚያነብ ምዕራፉ አጭር የሆነ። ልጆቿን አስተኝታ ለምታነብ እናት ገጸ ባሕርይ ያልበዛበት፣ ነገ ስትከፍተው «ይሄ ደግሞ ማን ነበር?» የማያሰኝ። ስጦታ ከሆነ ደግሞ አንተ የወደድከውን ትተህ እሱ ደጋግሞ የሚያየውን ፊልም ንገረኝ። ሃምሳ ገጽ ድረስ ካልሳበህም ተወው፤ ከመጽሐፉ ጋር አልተማላችሁም። አንዱን ካልጨረስኩ ሌላ አልነካም ብሎ ንባብ እርግፍ አድርጎ የተወ ስንት ሰው አውቃለሁ።

አንዲት ቀረችኝ። «በሬዲዮ የሰማ አላነበበም» ይባላል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ለሰብለና ለበዛብህ አልቅሰዋል። ያነበበው ሁሉ እንደዚያ አልቅሷል? እኔ እንጃ።

አባባም ባለፈው ወር ትረካውን ልጃቸው ስልካቸው ላይ ጭናላቸው መጡ። ያው ያስተኛቸው መጽሐፍ ነው። አሁን ጉዱ ካሳ ጋ ደርሰዋል። ማለዳ ሻይ ይዛ የምትመጣዋ ልጅ በሩ ላይ ብቻቸውን ሲስቁ አገኘኋቸው ብላ ነገረችኝ።