ቢሊ ብራግ በ«ዊልያም ብሎክ» ፖለቲካ ተወ ወይ?

እንግሊዛዊው ቢሊ ብራግ በ1984 እና 85ቱ የማዕድን ሠራተኞች አድማ ጊታሩን ይዞ ከአድማኞቹ ጎን የቆመ ዘፋኝ ነው (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። «ዊልያም ብሎክ» የተባለው አልበሙ በ1996 ወጣ። ከ1991 ወዲህ አዲስ አልበም አልነበረውም፤ በመሀል አባት ሆኗል። ስለ አልበሙ ከሚባለው ግን ብዙው ልክ አይደለም።

«ልጅ ወለደ፣ ፖለቲካውን ተወ»

እንዲህ የሚሉት «ብሪክባት»ን ይጠቅሳሉ። ድሮ በታወቀ የሙዚቃ ድግስ ላይ ቦምብ መቅበር ያምረው የነበረ ሰው፣ አሁን መታጠቢያ ቤት ከሕፃን ጋር ነው። እሺ፣ ይሄ የቤት ዘፈን ነው። «አፕፊልድ»ንስ? እዚያ ሶሻሊዝሙ የልብ መሆኑን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። ጊዜውንም አስቡት። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳለች። የብሪታንያው ግራ ዘመም ሌበር ፓርቲም የማምረቻ ሀብት የጋራ ይሁን የሚለውን የቆየ አንቀጽ በ1995 ከደንቡ አውጥቷል። አሮጌው መፈክር በረከሰበት ሰዓት ብራግ ምን እንደቀረለት እየፈተሸ ነበር። ይህን መተው ለማለት ይከብደኛል።

«ከቀይ ወደ ሰማያዊ የዞረው ራሱ ነው»

በብሪታንያ ቀይ የሌበር፣ ሰማያዊ የወግ አጥባቂዎች ቀለም ነው። «ፍሮም ሬድ ቱ ብሉ»ን በርዕሱ ብቻ ያየ ኑዛዜ ይመስለዋል። ዘፈኑ ግን ጎራ ለቀየረ የድሮ ወዳጅ የተላከ ወቀሳ ነው።

«ሰሜናዊቷ የፋብሪካ ከተማ ማንቸስተር ናት»

ለእኔ የአልበሙ ምርጥ ዘፈን «ኖርዘርን ኢንደስትሪያል ታውን» ነው። በራቸው በቀጥታ መንገድ ላይ የሚከፈት ቤቶች አሉ። ከተማዋ ሁለት ቡድን ብቻ ነው ያላት፤ ከሁለቱ አንዱን መደገፍ ግድ ነው። ሰሚው ኳስ እያሰበ ይቆያል። መጨረሻ ላይ ብራግ ሊድስም፣ ማንቸስተርም፣ ሊቨርፑልም አይደለችም ይልና ስሟን ይናገራል፦ የሰሜን አየርላንዷ ቤልፋስት። ያኔ «ሁለቱ ቡድን» ካቶሊክና ፕሮቴስታንት መሆናቸው ይገባሃል። አልበሙ በወጣበት ዓመት የካቲት ላይ ሰሜን አየርላንድን ከብሪታንያ ለማላቀቅ የሚዋጋው ታጣቂ ቡድን አይአርኤ የተኩስ አቁሙን አፍርሶ ነበር። ከዚህ በላይ ፖለቲካ ከየት ይምጣ?

«ግጥሙ ሁሉ የራሱ ነው»

«ኤ ፒክት ሶንግ» የራድያርድ ኪፕሊንግ ግጥም ነው። አዎ፣ የብሪታንያ ኢምፓየር ባለቅኔ! ግጥሙ ግን የሚናገረው ሮምን ከሥር በሚገዘግዙት ትንንሽ ሰዎች አፍ ነው። ግራ ዘመሙ ብራግ ከዚያ ቤት መበደሩ ደስ ይለኛል።

«ከዚያ ወዲያ ረገበ»

በ1998 ከአሜሪካው ዊልኮ ባንድ ጋር «መርሜድ አቬኑ»ን አወጣ። አሜሪካዊው የሕዝብ ዘፋኝ ዉዲ ገትሪ ትቷቸው ለሞተ ግጥሞች፣ ልጁ ኖራ ብራግን ጠይቃው፣ አዲስ ዜማ የሰጡበት ሥራ ነው።