«ብር አለው አይደል? ይስጣቸውና ይለቅ» እና ሌሎች የሰለቹኝ ወሬዎች

አንድ ታዋቂ ተጫዋች ላደገበት ሰፈር ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ አሠራ የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ከስሩ የሚጻፈውን አስተያየት ሳልከፍተው አውቀዋለሁ። «ለታይታ ነው»፣ «ከግብር ለማምለጥ ነው»፣ «የሳምንት ደመወዙ እኮ ነው፣ ምን ይደንቃል!» ሥራዬ ክለቦችን ችግረኛ ቤተሰቦችን ከሚረዱ ማዕከላት ጋር ማገናኘት ነው። ስለዚህ ይሄን ወሬ ከማንም በላይ እሰማለሁ። ሰለቸኝ። (ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ከግብር ለማምለጥ ነው።» እባካችሁ ሒሳቡን ሥሩት። የግብር ቅናሽ ባለበት አገር የለገስከው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ግብር ከሚታሰብበት ገቢህ ላይ ይቀነሳል እንጂ ተመልሶ ኪስህ አይገባም። 100 ሰጥቶ 40 ግብር የቀረለት ሰው 60 ከኪሱ ወጥቷል። ትርፉ የቱ ጋ ነው? በፋውንዴሽን ስም የሚያጭበረብር የለም አላልኩም፣ አለ። እሱ ግን ስሙ ሌብነት ነው።

«ስፖርተኛ ሁሉ ሀብታም ነው።» የምታውቋቸው ሀብታም ናቸው፤ የማታውቋቸው ግን ይበዛሉ። ኮንትራቱ አጭር ነው፣ ጉልበት ከተጎዳ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ብዙ ብር በሚከፈልበት በኤንኤፍኤል (በአሜሪካን ፉትቦል ሊግ) እንኳ፣ ከ1996 እስከ 2003 የተመለመሉ ተጫዋቾችን የተከታተለ ጥናት 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ጫማ በሰቀሉ በ12 ዓመት ውስጥ መክሰራቸውን በሕግ እንዳስመዘገቡ አሳይቷል። የዚሁ ሊግ ተጫዋች ክሪስ ሎንግ ግን በ2017 የዓመቱን መነሻ ደመወዝ በሙሉ ሰጠ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጨዋታዎች ክፍያ ላደገባት ለቻርሎትስቪል ልጆች ነጻ የትምህርት ዕድል ሆነ፣ የቀረው ደግሞ በተጫወተባቸው ከተሞች ለትምህርት ዋለ። በዚያ ዓመት የቡድኑ ትልቁ ኮከብ እንኳ አልነበረም።

«ካሜራ ካለ የውሸት ነው።» በ2017 የአሜሪካዋ ሂዩስተን በጎርፍ ስትጥለቀለቅ የከተማዋ ተጫዋች ጄ.ጄ. ዋት 100 ሺህ ዶላር ከራሱ አስቀምጦ፣ ስልኩን ፊቱ ላይ ደግኖ 200 ሺህ እንዲሞላለት ለመነ። ከ37 ሚሊዮን በላይ ገባ። ካሜራው ባይኖር 100 ሺው 100 ሺህ ሆኖ ይቀር ነበር። እኔን የሚያናድደኝ ካሜራ የተቸገረው ልጅ ፊት ላይ ሲደገን ነው። ያ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ጓደኞቹም ቪዲዮውን አይተውታል። ተጫዋቹን ቅረጹት፣ ልጁን ተዉት።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ብር አለው አይደል? ይስጣቸውና ይለቅ።» ይሄን የሚሉት ተራ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ደስ ባለኝ። ወኪሎች ይሉታል፣ የክለብ ኃላፊዎች ይሉታል፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸውም ያምኑበታል። ብር ያስፈልጋል፣ ማን ካደ? ግን ብር ቀላሉ ክፍል ነው። ሕንጻ ማሠራት ይቻላል፣ ሪባን መቁረጥም አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላስ? የነርሷን ደመወዝ በየወሩ ማን ይከፍላል? ጣሪያው ሲያፈስ ማን ይጠራል?

የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ዲኬምቤ ሙቶምቦ በትውልድ ከተማው በኪንሻሳ ያሠራው፣ በእናቱ ስም የተሰየመው ሆስፒታል በ2007 ተከፈተ። 29 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ፣ 15 ሚሊዮኑ የራሱ ነበር። ሰው የሚያወራው ይሄን ብቻ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከተከፈተም በኋላ ሰውየው ለዚሁ ሆስፒታል ገንዘብ ማሰባሰቡን አለማቆሙ ነው። ሆስፒታል የሚበላው ከተከፈተ በኋላ ነው።

ሌላውን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሌብሮን ጄምስንም እንይ። በ2018 በትውልድ ከተማው በአክሮን ለተከፈተው ትምህርት ቤት ሁሉንም ከኪሱ የሚከፍል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው። የመምህራኑን ደመወዝ የሚከፍለው እንደማንኛውም የከተማው ትምህርት ቤት የከተማው የትምህርት አስተዳደር ነው። የሌብሮን ፋውንዴሽን ከላይ ይጨምራል። ለልጆቹ ብስክሌት ከነሔልሜቱ፣ ለቤተሰቡ ምግብ የሚወሰድበት ክፍል፣ ትምህርት ላቋረጡ ወላጆች ደግሞ የሚማሩበት ዕድል። ብልሃቱ ያለው ወላጅ ድረስ መሄዱ ላይ ነው፣ ማታ ቤቱ ባዶ ከሆነ ጠዋት የተማረው አይበረክትማ። ይሄም ሆኖ በ2023 የከተማው የትምህርት ቦርድ ውጤት ሲያይ፣ ስምንተኛ ክፍል ሊገቡ ከነበሩት ልጆች ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ የክልሉን የሒሳብ ፈተና ያለፈ አንድም አልነበረም። ወዲያው «ከሸፈ!» ተባለ። ወገኖቼ፣ ልጆቹ ሲጀመርም የተመረጡት በንባብ ወደኋላ ስለቀሩ ነው። መጠየቁ ትክክል ነው፤ በስም ብቻ ተአምር መጠበቁ ግን ከዚሁ ከ«ይስጣቸውና ይለቅ» የሚመጣ በሽታ ነው።

ደግሞ ገንዘብ ሳይሰጥም ብዙ ማድረግ ይቻላል። እንግሊዛዊው እግር ኳስ ተጫዋች ማርከስ ራሽፎርድ ልጅ እያለ በትምህርት ቤት ነጻ ምሳ ያደገ ነው። ሰኔ 15፣ 2020 ነጻ ምግቡ ትምህርት በሚዘጋበት ክረምትም እንዲቀጥል ለእንግሊዝ የፓርላማ አባላት ደብዳቤ ጻፈ፣ በማግስቱ መንግሥት ውሳኔውን ቀይሮ 1.3 ሚሊዮን ለሚሆኑ ልጆች የክረምት ምግብ ፈቀደ። 120 ሚሊዮን ፓውንድ! የትኛው ተጫዋች ነው ይሄን ከኪሱ የሚያወጣው? በጥቅምት ፓርላማው ሌላ ጥያቄ ውድቅ አደረገ፣ እሱ ግን አልተወም፣ በኅዳር መንግሥት እንደገና እጅ ሰጠ።

«የሰፈሩ ልጅ ስለሆነ ችግሩን ያውቃል።» የዛሬ ስንት ዓመቱን? በልጅነቱ አካዳሚ ገብቶ የወጣ ሰው የሚያውቀው ያኔ የነበረውን ሰፈር ነው። አንድ ልበ ቀና ተጫዋች ላደገበት ሰፈር ልጆች በካርቶን በካርቶን ታኬታ ላከ። ልጆቹ የሚጫወቱት ሲሚንቶ ላይ ነው። ታኬታ ሲሚንቶ ላይ ያንሸራትታል፣ ቁርጭምጭሚት ያስወልቃል። ቁጥሩ ደግሞ በሙሉ 42፣ ልጆቹ ከአሥር ዓመት በታች። የሰፈሩን የልጆች ማዕከል አስተዳዳሪ በዚያ ሰሞን እንቅልፍ ያሳጣት የመብራት ሒሳብ ነበር። አንድ ስልክ ቢደወልላት በነገረችው።

«ያልሰጠ ስግብግብ ነው።» የስንት ዘመድ የቤት ኪራይ እንደሚከፍል ታውቃላችሁ? አታውቁም። እለፉት።

ማዕከል ለምታስተዳድሩ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ለተጫዋቹ በኢንስታግራም አትጻፉ፣ በሺህ የሚቆጠር መልእክት አለው፣ አያየውም። አብዛኞቹ ትልልቅ ክለቦች የማኅበረሰብ ጉዳይ የሚይዝ ሰው አላቸው፣ እሱን ፈልጉ። «እርዱን» ብላችሁ አትሂዱ፤ «ለአንድ ዓመት የአንድ አስጠኚ ደመወዝ» ብላችሁ ሂዱ። ተጫዋቹ ይምጣልን ካላችሁ ደግሞ መጥቶ ምን እንደሚሠራ ቀድማችሁ ወስኑ፤ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ የቤት ሥራ ቢሠራ መድረክ ላይ ቆሞ ከሚያወራው ይሻላል፣ ለእሱም ይቀለዋል። የማንን ስልክ ቁጥር ይዞ እንደሚወጣ አስቡበት። ቀኑንም ከክለቡ ጋር ቁረጡ፣ በጨዋታ ማግስት የተጠራ ተጫዋች ወይ እያነከሰ ይመጣል ወይ ጭራሽ አይመጣም።