እንቁላሉ ካልተፈለፈለስ? ስለ ስታርታፕ ባህልና አቅጣጫ መቀየር የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ስታርታፕ፣ ማለትም በአዲስ ሐሳብ የሚነሣ ጀማሪ ኩባንያ፣ የጀመረ ሰው ሥራው አልሄድ ሲለው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል ነው። ምክሩ መልካም ነው። ግን የዶሮ እንቁላል የሚፈለፈለው በ21 ቀን ገደማ ነው። ወር ሞልቶት ዝም ያለውን እንቁላል ዶሮ ያረባች ሴት ሁሉ ከዶሮዋ ሥር አውጥታ ትጥለዋለች፤ ገምቷላ። ሥራም እንዲሁ ነው፤ ያልሄደውን ትቶ ወደ ሌላ መዞር ነው አቅጣጫ መቀየር የሚባለው።

«አቅጣጫ መቀየር ሽንፈት ነው»

ዛሬ ብዙ መሥሪያ ቤት የሚጻጻፍበት ስላክ ከከሸፈ ጌም የተረፈ ነው። ስቱዋርት በተርፊልድና ባልደረቦቹ ታይኒ ስፔክ በተባለው ኩባንያቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ግሊች የሚባል የኦንላይን ጌም አወጡ። የወደዱት ከልባቸው ወደዱት፤ ቁጥራቸው ግን ኩባንያውን የሚያኖር አልሆነም። በዚያ ላይ ጌሙ ፍላሽ በሚባል የኮምፒውተር ሶፍትዌር የተሠራ ነበር፤ ዓለም ደግሞ ፍላሽ ወደማይሠራባቸው ስልኮች እየሄደ ነበር። በታኅሣሥ 2012 ዘጉት። በእጃቸው የቀረው፣ በተለያየ ከተማ ሆነው ስለሚሠሩ ለራሳቸው ያበጁት የመልእክት መለዋወጫ ነበር። ለሕዝብ የከፈቱት በ2014 ነው። በ2021 የአሜሪካው የሶፍትዌር ኩባንያ ሴልስፎርስ በ27.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቅልሎ ገዛው።

«ገንዘቡ ሲያልቅ እናስብበታለን»

ከዚሁ ታሪክ እኔን የሚገርመኝ ሽያጩ አይደለም። ጌሙን የዘጉት ገና ካዝናቸው ሳይራቆት ነው። ስለዚህ ለከፈሉ ተጫዋቾች ገንዘባቸውን ለመመለስ፣ ለተሰናበቱት ሠራተኞች ሥራ ለማፈላለግ፣ ከዚያም በጥቂት ሰው አዲሱን ለመጀመር አቅም ነበራቸው። ብር ካለቀ በኋላ የሚደረገው አቅጣጫ መቀየር አይባልም፤ ብድር ፍለጋ ነው።

የምንተውበት ቀን መቆረጥ ያለበት እንቁላሉን ከመታቀፋችን በፊት ነው፦ «በሦስት ወር ውስጥ ይህን ያህል ደንበኛ ሳንጎተጉተው ተመልሶ ካልገዛ እንዘጋለን» ብሎ መጻፍ፣ ቢቻል መፈረም። በኋላማ ሰው ምክንያት አያጣም። አንዴ ጾም ነው፣ አንዴ ክረምት ነው፣ አንዴ ኔትወርክ ነው።

«አቅጣጫ መቀየር ከዜሮ መጀመር ነው»

ኢንስታግራም ቀድሞ በርብን የሚባል፣ ያሉበትን ቦታ ለጓደኛ የማሳወቂያ አፕ ነበር፤ ነገር የበዛበት። ኬቪን ሲስትሮምና ማይክ ክሪገር ሰዉ በእርግጥ የሚጠቀመው ፎቶውን መሆኑን አይተው ሌላውን ቆርጠው ጣሉ። በጥቅምት 2010 የወጣው ያ የተረፈው ነው።

«ባህል ማለት ነጻ ቡናና የግድግዳ ጽሑፍ ነው»

አንድ የሠራሁበት ቢሮ ግድግዳው ላይ «ግልጽነት» የሚል በትልልቅ ፊደል ተለጥፎ ነበር። ደመወዝ እንደሚዘገይ የሰማነው ግን ከጥበቃው ነው። ጋሽዬ አለቆቹ መኪና ውስጥ ሲጨቃጨቁ ሰምተው ነው የነገሩን። የቤቱ እውነተኛ ባህል ያ ነበር፤ ቡናው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግሩም ነበር።

«እኛ እኮ ቤተሰብ ነን»

ይሄኛው ለእኛ በተለይ አደገኛ ነው። ቤተሰብ ክፉ ወሬ ሲመጣ ይደብቃል፤ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ መርዶው ንጋት ላይ ይነገራል። ሰው ሞቶ ከሆነ ደግ ነው፤ ለቅሶው ቢዘገይ ሟቹን አይጎዳውም። የደንበኛ መሸሽ ወሬ ግን ሲዘገይ ገና ያልሞተውን ይገድላል። ቀን ቆርጠን፣ ቁጥር ጽፈን፣ ቁጥሩን የያዘው ልጅ «አለቃዬ ይከፋዋል» ብሎ ዝም ካለ የቆረጥነው ቀን ምን ይሠራል?

ስለዚህ አንድ ስታርታፕ ስገባ የምጠይቀው ትንሹን ሠራተኛ ነው፦ «ባለፈው ወር ስንት ደንበኛ ጥሏችሁ ሄደ?» ቁጥሩን ከነገረኝ ደስ ይለኛል። ወደ አለቃው ዞር ብሎ ካየ ግን መልሱን አግኝቻለሁ።