ስሙን ሳያውቁ ሆቴል መያዝ፦ ከመርከብ ሽርሽር በኋላ ያለችው አንድ ሌሊት

የመርከብ ሽርሽር የሚያልቀው በጠዋት ነው። መርከቡ ጎህ ሲቀድ ወደብ ይጠጋል። ሰዉ ቁርሱን በልቶ፣ ሻንጣውን ከአዳራሹ ፈልጎ፣ በፓስፖርት ቁጥጥርና በጉምሩክ አልፎ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ድረስ ውጭ ላይ ነው። (ሰዓቱን የምጽፈው በሀገር ቤት አቆጣጠር ነው።) በዚያው ቀን ወደ ቤቱ የሚበር አለ። አንድ ሌሊት አድሮ፣ ከተማዋን አይቶ በማግሥቱ የሚሄድም አለ። ይህ ጽሑፍ ለሁለተኛው ነው።

ለዚያች አንድ ሌሊት የወደብ ከተማ ሆቴሎች የሚጠይቁት ዋጋ ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል። ዋጋውን ለማውረድ ሰዎች ከ25 ዓመት በላይ ሲጠቀሙበት የቆየ መንገድ አለ። የሆቴሉን ስም ሳያውቁ መክፈል ነው። ድሮ ዋጋውን የሚጠራው ገዢው ነበር፤ ዛሬ ድረ ገጹ ይጠራል። ስሙ ግን ያኔም ሆነ አሁን የሚገለጠው ከክፍያ በኋላ ነው።

«ስሙን ሳላውቅ እንዴት እከፍላለሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ አይገርምም። ነገሩ የሚገባው ከሆቴሉ ወገን ሆነው ሲያዩት ነው።

ዛሬ ያልተሸጠ ክፍል ነገ አይሸጥም

ሆቴል የሚሸጠው ሌሊት ነው። ጤፍ ቢሆን ዛሬ ካልተሸጠ ነገ ይሸጣል። ክፍል ግን ባዶውን ካደረ የዚያ ሌሊት ገንዘብ ቀረ። አንሶላ መቀየርና ክፍል ማጽዳት ደግሞ ያን ያህል ወጪ የለውም። ስለዚህ በ200 ዶላር የሚሸጠው ክፍል ባዶውን ከሚያድር በ90 ዶላር ቢያዝ ለሆቴሉ ትርፍ ነው።

ግን ሆቴሉ 90 ዶላር ብሎ በይፋ መለጠፍ አይፈልግም። 200 ሊከፍል የተዘጋጀው እንግዳም ያየዋል፤ አይቶም 90 ብቻ ይከፍላል። ስሙን መደበቅ ይህን ችግር ይፈታል። የግድ በዚያ ሆቴል ማደር ያለበት ሰው፣ ስብሰባውም እዚያ የሆነበት፣ ስሙ ያልታወቀ ሆቴል ላይ ገንዘቡን አይጥልም። ሙሉውን ከፍሎ ይገባል። ንጹሕ አልጋ ካገኘ የትም ቢያድር ግድ የማይሰጠው ሰው ግን ስሙ ባይነገረውም ይገዛል።

ከመርከብ የወረደ ሰው ብዙውን ጊዜ ይኸኛው ነው። የሚያድርበትን ቀን ከወራት በፊት ያውቀዋል። የሚፈልገው አንድ ሌሊት ነው። የሆቴሉ ስም ብዙም አያስጨንቀውም። ለዚህም ነው ይህ መንገድ በመርከብ ተጓዦች ዘንድ እንዲህ የተለመደው።

ጨረታው እንዴት ይሠራ ነበር?

አሠራሩን በኢንተርኔት ያስተዋወቀው ፕራይስላይን ነው። ጄይ ዎከር የተባለ አሜሪካዊ የመሠረተው ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በአውሮፕላን ትኬት ጀመረ፣ ቀጥሎ ሆቴል ጨመረ። መፈክሩ «ዋጋውን ራስዎ ይጥሩ» የሚል ነበር። በመጋቢት 1999 አክሲዮኑ በ16 ዶላር ለገበያ ቀርቦ የመጀመሪያውን ቀን በ69 ዶላር ዘጋ። ተዋናዩ ዊሊያም ሻትነር በማስታወቂያዎቹ ላይ ለዓመታት የኩባንያው ፊት ሆነ።

ገዢው ከተማውን፣ ቀኑን፣ የከተማውን ክፍል (ዞን ይሉታል) እና የኮከብ ደረጃውን ይመርጣል። ከዚያ «ይህን ያህል እከፍላለሁ» ብሎ የክሬዲት ካርድ ቁጥሩን ያስገባል። ዋጋው ተቀባይነት ካገኘ ገንዘቡ ከካርዱ ወዲያው ይቆረጣል፤ ያኔ ነው ስሙ የሚታየው። መሰረዝም መቀየርም የለም።

ሰዉ ጨረታ ይበለው እንጂ እኛ ከምናውቀው ጨረታ ይለያል። በኛ ሀገር የታሸገ ጨረታ ሲከፈት ከሌሎች ተጫራቾች ጋር ነው የምትወዳደሩት። እዚህ ሌላ ተጫራች የለም። የምትወዳደሩት ከተደበቀ ቁጥር ጋር ነው። ሆቴሉ አስቀድሞ ለዚያ ሌሊት የሚቀበለውን ዋጋ ለፕራይስላይን ሰጥቶታል። የጠራችሁት ዋጋ ያንንና የድረ ገጹን ድርሻ ከሸፈነ ክፍሉ የናንተ ነው። ሆቴሉ 62 ዶላር ብሎ እናንተ 95 ብትጠሩ፣ መሀል ያለው 33 ዶላር ለድረ ገጹ ይቀራል እንጂ ለናንተ አይመለስም። ስለዚህ ዋናው ብልሃት ከዝቅተኛ ዋጋ ተነስቶ ቀስ እያሉ መውጣት ነበር።

ችግሩ፣ የተጠራው ዋጋ ካልተሳካ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ለማቅረብ አንድ ቀን መጠበቅ ነበረባችሁ። ሳይጠብቁ መድገም የሚቻለው አንድ ነገር ከቀየሩ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ተጨማሪ ዞን ከጨመሩ። ሰዎች ያገኙት ቀዳዳ እዚህ ላይ ነው። ወደብ አጠገብ ባለው ዞን ባለ 4 ኮከብ ፈለጋችሁ እንበል። በከተማው ሌሎች ሦስት ዞኖች አሉ፤ በሦስቱም ውስጥ ባለ 4 ኮከብ ሆቴል ጭራሽ የለም። እንግዲያው መጀመሪያ በወደቡ ዞን ብቻ 55 ትጠራላችሁ። እምቢ ካለ አንዱን ዞን ጨምራችሁ 62። እምቢ ካለ ሁለተኛውን ጨምራችሁ 70። የተጨመሩት ዞኖች ባለ 4 ኮከብ ስለሌላቸው እዚያ የመጣል ስጋት የለም። ክፍሉ ከመጣ ከወደቡ ዞን ነው የሚመጣው። በአንድ ቁጭታ አራት ጊዜ ዋጋ መጥራት ይቻላል ማለት ነው። የዞኖቹን ካርታ ቁጭ ብሎ ያጠና ሰው በግማሽ ዋጋ ጥሩ ሆቴል የሚያገኝበት ጊዜ ነበር።

ግን ብዙ ሰው ይህን ሁሉ መልፋት አልፈለገም። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2005 የኔዘርላንዱን የሆቴል መያዣ ድረ ገጽ ቡኪንግን በ133 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ትልቁ ገቢም ከዚያ መምጣት ጀመረ፤ ማለትም ስምና ዋጋ በግልጽ ከሚታይበት ሥራ። በጥር 2012 በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ ሻትነር የሚጫወተው ተደራዳሪ በአውቶቡስ አደጋ ሲሞት ታየ። ተዋናዩ በኋላ ተመለሰ፤ የማስታወቂያው መልእክት ግን ግልጽ ነበር። ድርድሩ እየቀረ፣ የተቆረጠ ዋጋ እየመጣ ነበር። በ2016 በአውሮፕላን ትኬት ላይ ዋጋ መጥራት ቀረ። በኋላም የሆቴሉ ቀረ።

ዛሬ ያለው

ጨረታው ቢቀርም ስም መደበቁ አልቀረም። ፕራይስላይን «ኤክስፕረስ ዲል» የሚለው አለ። ሆትዋይር «ሆት ሬት» ይለዋል። ሆትዋይር እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ ሲሆን ዛሬ በጉዞ ሽያጭ ኩባንያው በኤክስፒዲያ ሥር ነው። እንግሊዝ ውስጥ የተመሠረተው ላስትሚኒት ደግሞ «ቶፕ ሲክሬት» ይለዋል። ሁሉም ዘንድ ዋጋው፣ ኮከቡ፣ ሰፈሩ፣ የእንግዶች ነጥብና አገልግሎቶቹ ይታያሉ። ስሙ ብቻ ይደበቃል። ፕራይስላይን ሦስት ሆቴሎችን በስም አሳይቶ «ከሦስቱ አንዱ ይደርስዎታል» የሚልበት አሠራርም አለው። ለጀማሪ እሱ ይሻላል እላለሁ። ቢያንስ ከምን ከምን መካከል እንደሚመጣ ይታወቃል።

ስሙን መገመትም ይቻላል። በዚያ ሰፈር ያሉትን ተመሳሳይ ኮከብ ያላቸውን ሆቴሎች በግልጽ ከሚታዩት ዝርዝር አውጡ። አንዱ መዋኛ የለውም፣ አንዱ ነጻ ቁርስ አለው፣ አንዱ የእንግዶች ነጥቡ 8.4 ነው። የተደበቀውን ከነዚህ ጋር አስተያዩት። በትንሽ ሰፈር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ስም ብቻ ይቀራል።

የሚገርመው፣ ዋጋ መጥራት ከሆቴሉ ቢወጣም መርከቡ ላይ አለ። እንደ ሮያል ካሪቢያንና ኖርዌጂያን ያሉ ኩባንያዎች ክፍል የያዙ መንገደኞች ወደ ተሻለ ክፍል ለመዛወር ዋጋ እንዲጠሩ ይጋብዛሉ። ሐሳቡ ያው ነው፤ መርከቡ ከተነሳ በኋላ ባዶ ክፍል ለማንም አይሸጥም።

የወደቡ ስምና ከተማው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

የመርከብ ኩባንያዎች ወደቡን የሚጠሩት በአቅራቢያው ባለ ትልቅ ከተማ ስም ነው። ጉዞው «ሮም» ላይ ያልቃል ይላሉ፤ መርከቡ የሚቆመው ግን ቺቪታቬኪያ ነው፣ ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ። «ለንደን» ሲባል ሳውዝሃምፕተን ሊሆን ይችላል፤ ከለንደን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «ፓሪስ» ማለት ለ ሃቭር ነው፤ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። «ኦርላንዶ» የሚባለው ፖርት ካናቨራል ከከተማው 70 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአላስካ ጉዞዎች ሰዋርድ ላይ የሚያልቁ አሉ፤ ከዚያ አንኮሬጅ ለመድረስ 200 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ወይም በባቡር ነው።

ስለዚህ ገንዘብ የማይመለስበትን ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ሁለት ነገር ወስኑ። መርከቡ በትክክል የሚቆመው የት ነው? ሌሊቱን የምትፈልጉት ለምንድን ነው? በማግሥቱ በጠዋት የሚበር ሰው አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ይሻለዋል። ከተማ ማየት የሚፈልግ መሀል ከተማ ይሻለዋል። ወደቡ አጠገብ ማደር ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ከጉዞው በፊት እንጂ በኋላ አይደለም።

ሁሉም ነገር ቅርብ የሆነበት ቦታም አለ። በአሜሪካዋ ፎርት ሎደርዴል ላይ ወደቡና አውሮፕላን ማረፊያው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። የትኛውም ሆቴል ቢደርሳችሁ ብዙ አትጎዱም። ቫንኩቨር ላይ ካናዳ ፕሌስ የሚባለው የመርከብ ወደብ መሀል ከተማው ውስጥ ስለሆነ ሻንጣ እየጎተቱ በእግር ሆቴል መድረስ ይቻላል።

ሲያትል ከሩቁና ከቅርቡ መሀል ናት። የአላስካ መርከቦች ከሁለት ቦታ ይነሳሉ። ፒር 66 (ፒር የመርከብ መቆሚያ ነው) መሀል ከተማው ዳር ነው፤ ፒር 91 ትንሽ ወደ ሰሜን ይርቃል። አውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከመሀል ከተማ በባቡር ይደረሳል። በአሜሪካ በጋ፣ ማለትም በሙቀቱ ወራት፣ ሆቴሎቹ ውድ ስለሆኑ ስውር ዋጋው ይበልጥ የሚጠቅመው ያኔ ነው። በርግጥ ሲያትል የኛ ሰው ብዙ ነው። ዘመድ ያለው ሰው ሆቴል ባይፈልግም ይሆናል፤ ዘመዱም ሆቴል ማደሩን ቢሰማ ይቀየመዋል።

ከመክፈል በፊት

መጀመሪያ ሊሰረዝ የሚችል ክፍል በመደበኛው መንገድ ያዙ። ቀኑ ሲቃረብ ስውር ዋጋዎችን እየገባችሁ እዩ። ጥሩ ካገኛችሁ ያዙና የመጀመሪያውን ሰርዙ። የመሰረዣው ቀነ ገደብ እንዳያልፍ ግን ተጠንቀቁ፤ መርከብ ላይ ሆኖ ኢንተርኔት መፈለግ ውድ ነው። ብዙ ሽርሽሮች ቅዳሜ ወይም እሑድ ነው የሚያልቁት። እሑድ ሌሊት የነጋዴ ሆቴሎች ባዶ ስለሚሆኑ ብዙ ጊዜ ዋጋቸው ይወርዳል። በከተማው ትልቅ ስብሰባ ካለ ግን ይህ አይሠራም።

የሚታየው ዋጋ ሁልጊዜ የመጨረሻው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2025 ጀምሮ ሆቴሎች የግዴታ ክፍያዎችን ከመነሻው ዋጋ ጋር ደምረው እንዲያሳዩ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ያስገድዳል። የመንግሥት ታክስና የመኪና ማቆሚያ ግን ገና አሉ። ሮምና ባርሴሎና ላይ በሰው የሚቆጠር የከተማ ግብር ሆቴሉ ውስጥ ይከፈላል።

ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህን መንገድ አልመክርም። አብዛኛውን ጊዜ ዋስትና የሚሰጠው ለሁለት ሰው ነው። አንድ ትልቅ አልጋ ይሁን ሁለት አልጋ ሆቴሉ ነው የሚወስነው። እናትና አባትን፣ ሁለት ልጆችን ይዞ አንድ አልጋ ያለው ክፍል ደጃፍ መድረስ ከባድ ነው። ገንዘቡም አይመለስም። ለባልና ሚስት ወይም ለሁለት ጓደኛሞች ግን ጥሩ ነው። በሆቴል ሰንሰለት ነጥብ የምታጠራቅሙ ከሆነም በዚህ መንገድ በተያዘ ክፍል ነጥቡ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም።

አንድ የኛን ሰው በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። ክፍሉ የሚያዝበት ስም መታወቂያው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ከተከፈለ በኋላ ስም መቀየር ደግሞ አስቸጋሪ ነው። በኛ አሰያየም ባልና ሚስት የአባት ስማቸው የተለያየ ነው። ሚስት በስሟ ይዛ ባል ቀድሞ ቢደርስ፣ የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ባልየው መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የያዘው ሰው ራሱ ይቅረብ፤ ለማስያዣ የሚሆን ካርድም በስሙ ይኑረው።

ስለ መዘግየት የሚጨነቅ አለ። በአሜሪካ ክረምት፣ ማለትም በብርዱ ወራት፣ እንደ ታምፓና ጋልቨስተን ባሉ ወደቦች ጭጋግ መርከቦችን ለሰዓታት ያግዳል። አውሮፕላን ለሚይዝ ሰው ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። አንድ ሌሊት ለሚያድር ሰው ግን ክፍሉ የሚጠብቀው ማታ ስለሆነ ጥቂት ሰዓት መዘግየት አይጎዳውም። በጣም ከዘገያችሁ ብቻ ክፍሉን ለሌላ እንዳይሰጡት ለሆቴሉ ደውሉ።

በሰዓቱ ከወረዳችሁ ደግሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሆቴሉ ደጃፍ ትደርሳላችሁ። ክፍል የሚሰጠው ብዙ ቦታ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። ክፍል ካለ ቀድመው የሚሰጡ አሉ፤ በትሕትና መጠየቅ ነው። ከሌለ ሻንጣውን ያስቀምጡላችኋል። ፓስፖርታችሁን፣ መድኃኒታችሁንና የስልክ ቻርጀራችሁን በትንሽ ቦርሳ ለይታችሁ ያዙና ምሳ ፍለጋ ውጡ።