የከተማ ዳርቻ መልክዓ ምድር በሥዕልና በዐውደ ርእይ

የከተማ ዳርቻ መልክዓ ምድር ሥዕል ከተማው አልቆ ገጠሩ ገና ባልጀመረበት ሥፍራ የሚገኙትን የመኖሪያ ሰፈሮች፣ አጥሮች፣ ጋራዦች፣ የባቡር መስመሮችና ባዶ ቦታዎች ዋና ጉዳዩ የሚያደርግ የሥዕል ዘርፍ ነው። ለተራራ፣ ለወንዝና ለደን የተሰጠው ክብር ለእርሱ ሳይሰጠው ቢቆይም፣ የዘመናዊ ሥዕል መነሻ ተብለው ከሚጠቀሱት ሥራዎች በርካቶቹ የተሣሉት በከተማ ዳርቻ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘርፉ እንዲወለድ ያደረጉት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው የባቡር መስመር፣ ሁለተኛው በ1841 አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ጎፍ ራንድ የፈለሰፈው የቆርቆሮ ቀለም ቱቦ። ቱቦው የዘይት ቀለምን ሳይደርቅ ከስቱዲዮ ውጭ ይዞ ለመንቀሳቀስ አስቻለ፤ ባቡሩ ደግሞ ሠዓሊውን ጠዋት ወስዶ ማታ ይመልሰው ጀመር። ከፈረንሳይና ፕሩሲያ ጦርነት ሸሽቶ በ1870 ለንደን የገባው ሠዓሊ ካሚል ፒሳሮ ያረፈው በከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ በኖርዉድ አካባቢ ሲሆን፣ በ1871 የሣለው የሎርድሺፕ ሌን ባቡር ጣቢያ ሥዕል ዛሬ በለንደን ኮርቶልድ ጋለሪ ይገኛል። ሥዕሉ ከእግረኛ ድልድይ ላይ ሆኖ ወደ ታች የተመለከተ ነው፤ አንድ ባቡር እየጨሰ ወደ ተመልካቹ ይመጣል፣ አዲስ የተሠሩ ቤቶች ይታያሉ፣ ቤት ያልተሠራበት የሣር ተዳፋትም አለ። ሠዓሊው በመጀመሪያ በተዳፋቱ ላይ ሣር የሚያጭድ ሰው ሥሎ እንደነበር፣ በኋላም በቀለም እንደሸፈነው በሥዕሉ ላይ የተደረገ ምርመራ አሳይቷል። ሰውየው መነሣቱ ሥዕሉን ከገጠር ትዕይንትነት አውጥቶ የዳርቻው ሥዕል አድርጎታል።

የዘርፉ ወርቃማ ዘመን ያለ ጥርጥር የአርዣንተይ ዘመን ነው። ከፓሪስ በስተ ሰሜን ምዕራብ በሴን ወንዝ ዳር የምትገኘው ይህች ከተማ በ1851 ባቡር የገባላት ስትሆን፣ ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ ከ1871 መጨረሻ እስከ 1878 መጀመሪያ ኖሮባታል። ሠዓሊዎቹ ሬኗር፣ ሲስሌና ማኔም እዚያው ሣሉ። ሞኔ ጀልባ ገዝቶ የውሃ ላይ ስቱዲዮ አደረገው፤ የእሑድ ጀልበኞችን፣ በጦርነቱ ፈርሶ የተሠራውን ድልድይና በላዩ የሚያልፈውን ባቡር ከዚያ ተነሥቶ ተመለከተ። በሚያዝያ 1874 በፓሪስ የተከፈተው የመጀመሪያው የኢምፕሬሽኒስቶች (የብርሃንን ቅጽበታዊ ገጽታ በፈጣን የብሩሽ ምት የሚይዙ ሠዓሊዎች) ዐውደ ርእይም ከዚሁ ዘመን ጋር ይገጥማል። ሞኔ የከተማዋን ፋብሪካዎች ሆን ብሎ ደብቋል የሚሉ ተቺዎች አሉ፤ ይሁን እንጂ የጭስ ማውጫዎች ከጀልባ ሸራዎች ጋር ጎን ለጎን ቆመው የሚታዩባቸው ሥራዎቹ ጥቂት ስላልሆኑ ክሱ ሙሉ በሙሉ የሚያስኬድ አይደለም። በቆይታው መጨረሻ ወደ ገዛ አትክልት ሥፍራው ፊቱን ማዞሩ ግን እውነት ነው።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዦርዥ ሱራ በፓሪስ ዳርቻ በምትገኘው በአንየር የሚታጠቡ ሰዎችን የሣለበትን፣ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሚደርስ ሸራ በ1884 የፓሪስ ሳሎን፣ ማለትም ይፋዊው የሥዕል ዐውደ ርእይ፣ ሳይቀበለው ቀረ። ከገላ ታጣቢዎቹ በስተጀርባ የክሊሺ ፋብሪካዎች ይጨሳሉ፤ ለታሪካዊ ሥዕል ብቻ ይገባ የነበረውን ስፋት ለዳርቻው ሠራተኛ መስጠቱ በጊዜው ትልቅ ድፍረት ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የሠዓሊዎች ትኩረት በአብዛኛው ወደ መሐል ከተማና ወደ ረቂቅ ሥዕል ዞረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የመኖሪያ ሰፈሮች በስፋት ሲገነቡ ጉዳዩ ተመለሰ። በካሊፎርኒያ ሠዓሊው ሮበርት ቤክትል ራሱ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች መነሻ አድርጎ በየደጃፉ የቆሙ መኪናዎችን በዘይት ቀለም ሣለ። በ1975 በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ በጆርጅ ኢስትማን ሃውስ የፎቶግራፍ ሙዚየም የተከፈተው የአሥር ፎቶግራፍ አንሺዎች ዐውደ ርእይ የሥዕል ባይሆንም፣ ሰው የለወጠውን መሬት ያለ ማሳመር ለማሳየት በር ከፍቷል።

አውስትራሊያዊው ሠዓሊ ሃዋርድ አርክሊ የሜልበርንን የዳርቻ ቤቶች በአየር ግፊት በሚረጭ ደማቅ ቀለም ሠርቶ በ1999 አገሩን በቬኒስ ቢየናሌ፣ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ፣ ወከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር አረፈ። ሥራው ውዳሴ ነው ወይስ ትችት የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከዘመናችን ሠዓሊዎች ዘርፉን በጽናት የያዘው በ1966 የተወለደው እንግሊዛዊው ጆርጅ ሾው ነው። ሾው ያደገበትን በኮቨንትሪ ዳርቻ የሚገኘውን የታይል ሂል ሰፈር ለዓመታት ደጋግሞ ሥሏል፤ የሚጠቀመውም ልጆች የአውሮፕላንና የመኪና ሞዴሎችን የሚቀቡበትን ሃምብሮል ኢናሜል ቀለም ነው። በሥዕሎቹ ሰው አይታይም፤ የተዘጋ መጠጥ ቤት፣ የተቆለፉ ጋራዦች፣ ዝናብ ያረጠበው አስፋልትና ቅጠላቸው የረገፈ ዛፎች ብቻ ይታያሉ። ቀለሙ ስለሚያብረቀርቅ የአዳራሹ መብራትና የተመልካቹ ጥላ በሥዕሉ ላይ ይንጸባረቃሉ፤ በመሆኑም ሥራዎቹ በኅትመት ላይ ሲታዩ ግማሽ ኃይላቸውን ያጣሉ። ሾው በ2011 ለተርነር ሽልማት፣ ለታወቀው የብሪታንያ የሥነ ጥበብ ሽልማት፣ ከታጩት አንዱ ሲሆን ሽልማቱን ማርቲን ቦይስ ወሰደ። በ2018 በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ በዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል የተከፈተውና በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝ ባዝ ከተማ ወደሚገኘው ሆልበርን ሙዚየም የተሻገረው ሰፊ ዐውደ ርእይ የሾውን የዓመታት ሥራ በአንድ ላይ አሳይቷል።