የዐረብኛ ፊደልን በእጅ ሥራ ለሕፃናት ማስተማር

ሕፃናት እርሳስ በወጉ መያዝ ከመቻላቸው በፊት የዐረብኛን ፊደላት በጭቃ፣ በካርቶን፣ በክርና በጥራጥሬ እየሠሩ እንዲለዩ ማድረግ በመዋዕለ ሕፃናትም በየቤቱም የተለመደ የማስተማሪያ ዘዴ ነው። በዐረብ አገሮች ብቻ ሳይሆን ከእነዚያ አገሮች ውጭ የሚኖሩ ሙስሊምና ዐረብ ቤተሰቦችም ይጠቀሙበታል፤ ለልጁ ዐረብኛ የመንገድና የጨዋታ ቋንቋ ባልሆነበት ቦታ ደግሞ ይበልጥ ይፈለጋል።

ፊደልን በእጅ የማስያዝ ልማድ ከመቀስና ከሙጫ ይቀድማል። በወሎና በሐረር ቁርኣን ቤቶች ደረሳው (ተማሪው) በእንጨት ሉሕ (ሰሌዳ) ላይ በመቃ ብዕር ይጽፋል፤ ያጠናውን ሲጨርስ ሉሑ ታጥቦ ለሚቀጥለው ትምህርት ይዘጋጃል። ኸልዋ የሚባሉት የሱዳን ቁርኣን ቤቶችና የሞሮኮዎቹም በዚሁ ሥርዓት ይታወቃሉ። ጣሊያናዊቷ የሕፃናት ትምህርት ባለሙያ ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ የሕፃናት ቤቷን ከከፈተች በኋላ ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጡ ፊደላትን በጣት ማስዳሰስ ጀመረች። ይህ ዘዴ ዛሬ ለዐረብኛም ይሠራበታል።

የዐረብኛ ፊደላት 28 ናቸው። ዛሬ የሚሠራበት ቅደም ተከተል መልካቸው የሚመሳሰለውን አንድ ላይ ያስቀምጣል፤ ባ፣ ታና ሳ ይከታተላሉ፣ ጂም፣ ሓና ኻም እንደዚሁ። ይህም ለእጅ ሥራ ይመቻል፣ አንድ የካርቶን ቅርጽ ለሦስት ፊደላት ይበቃልና። ሆኖም ብዙ የልጆች ሥራዎች አሊፍን በአንበሳ፣ ባን በዳክዬ፣ ጂምን በግመል አስጊጠው ግድግዳ ላይ መስቀልን ግብ ያደርጋሉ። ያምራሉ፣ ችግራቸው ግን የሚያሳዩት ፊደሉ ብቻውን ሲቆም ያለውን መልክ ብቻ መሆኑ ነው። አብዛኞቹ ፊደላት በቃል መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ሲገቡ መልካቸው ይለወጣል። የሠላሳ ቀን ጌጥ ሠርቶ አንድ ቃል ማንበብ ያቃተው ልጅ የሚያጋጥመውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ከፊደላቱ 15ቱ ነጥብ አላቸው፣ 13ቱ የላቸውም። ባ፣ ታ፣ ሳ፣ ኑንና ያ በቃል መጀመሪያና መካከል ሲገቡ አምስቱም አንዲት ትንሽ ጥርስ ይሆናሉ፤ የሚለያቸው ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ በጣም ጠቃሚው የእጅ ሥራ ቀላሉ ነው፦ ሁለት ጥርስና በስተግራ ጎድጎድ ያለ መጨረሻ ያለው የካርቶን ቅርጽ፣ ከአጠገቡም ጥቂት ምስር። ከመጀመሪያው ጥርስ ሥር አንድ ምስር፣ ከሁለተኛው ሥር ሁለት፣ ከመጨረሻው በላይ ሁለት ሲቀመጥ «በይት» ይሆናል፣ ቤት ማለት ነው። ልጁ የመካከሉን ሁለት ምስር አንሥቶ በምትካቸው አንዱን ከላይ ሲያስቀምጥ «ቢንት» ይነበባል፣ ሴት ልጅ ማለት። ምስሩን በሙጫ ማጣበቅ አያስፈልግም፣ እንዲያውም መንቀሳቀሱ ነው ትምህርቱ። ነጥብ በዐረብኛ ጽሕፈት ያለውን ክብር ለማስታወስ ያህል፣ በ940 እ.ኤ.አ. ያረፈው የባግዳዱ ቪዚር (ከፍተኛ ሚኒስትር) ኢብን ሙቅላ የፊደላቱን መጠን የሚለካበትን ሥርዓት ያቆመው በብዕር ጫፍ በሚወጣ ነጥብ ነበር። የጠርሙስ ቆርኪ ደርድሮ የአሊፍን ቁመት መለካት ልጆችን ያስደስታል።

ሌላው ከባድ ነገር መያያዝ ነው። አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይና ዋው ከቀኛቸው ካለው ፊደል ጋር ይያያዛሉ እንጂ በግራ ከሚከተላቸው ጋር አይያያዙም። ከወፍራም ካርቶን በተቆረጡ ፊደላት ላይ ለ22ቱ በሁለቱም ጎን፣ ለእነዚህ ስድስቱ በቀኝ ብቻ የክር ማሰሪያ ቢደረግ ሕጉን እጅ ራሱ ያገኘዋል። «ባብ» (በር) ሲሠራ ባና አሊፍ ይታሰራሉ፣ የመጨረሻው ባ ግን ብቻውን ይቀራል። «ዳር» (ቤት፣ መኖሪያ) ደግሞ ሦስቱም ፊደላት ተለያይተው የሚቆሙበት ቃል ነው።

ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ከ«ሀ ሁ» የጀመረ ልጅ ግን ዓይኑ ከግራ መነሣት ለምዷል፤ በወረቀቱ ቀኝ ጠርዝ ላይ የሚጣበቅ ባለ ቀለም ክር መነሻውን ያሳየዋል። አናባቢም እንዲሁ ልዩነት አለው፦ በአማርኛ ከፊደሉ አካል ጋር የሚዋሐደው ድምፅ በዐረብኛ ለብቻው ከላይ ወይም ከታች ይቀመጣል። ፈትሃ፣ ከስራና ደማ የሚባሉት ሦስቱ የአናባቢ ምልክቶች ከቀጭን ወረቀት ተቆርጠው በባ ላይ ሲፈራረቁ በ፣ ቢ፣ ቡ ይሆናሉ። በቁርኣንና በልጆች መጻሕፍት ላይ እነዚህ ምልክቶች ይጻፋሉ፣ ጋዜጣ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተዋሉ፤ ስለዚህ የሚነሡ መሆናቸውን ልጁ ቀድሞ ማወቁ አይጎዳም።

ካርቶን ድምፅን አያስተምርም። አማርኛ በንግግር ሀን ከሐ፣ አን ከዐ ስለማይለይ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ሓንና ዐይንን የሚማረው ከኡስታዝ ወይም ከሚያነብለት ሰው አፍ ነው። ትግርኛ ተናጋሪው ሁለቱንም ድምፆች በቋንቋው ስላላቸው እዚህ ላይ ይቀለዋል። ዷድና ዟ ግን ለሁለቱም አዲስ ናቸው።

ከሥራው በኋላ ስለሚቀረው ቁርጥራጭም ማሰብ ተገቢ ነው። የቁርኣን አንቀጽ ወይም የአላህ ስም ያለበትን ወረቀት ሙስሊሞች ቆሻሻ ውስጥ አይጥሉም። ስለዚህ ለሚቆረጥና ለሚጣል ሥራ እንደ በር፣ ቤትና ዓሣ ያሉ የዘወትር ቃላት ይመረጣሉ፤ አንቀጽ ለመጻፍ ሲፈለግ ደግሞ የሚጠበቅ ወረቀት ወይም ሉሕ ይዘጋጃል።