አንቲጂናዊ ለውጥ ምንድን ነው? ቫይረስ ጠርሙስ ሲለምድ

«አስከትቤው ነበር፤ ታዲያ በሬዬን አፍተግር ለምን ያዘው?» ከቃሉ እስከ ወረኢሉ ገበሬ ይህን ሲጠይቅ እሰማለሁ። በእርሻ ወቅት በሬ ለሃጩን እያዝረበረበ፣ ሰኮናው ቆስሎ ከተኛ ጥማድ ፈረሰ ማለት ነውና ሙሉ መልስ ይገባዋል።

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቅርብ ነው። ክትባቱ ሙቀት አግኝቶታል፣ ሳይደገም ቀርቷል፣ ወይም የመጣው ቫይረስ ሌላ ዓይነት ነው፤ አፍተግር 7 ዓይነት ስላለው የአንዱ ክትባት ከሌላው አያድንም። ብዙም የማይነገር አንድ ምክንያት ደግሞ አለ፤ እሱም አንቲጂናዊ ለውጥ ነው።

አንቲጂን የምንለው የከብቱ ሰውነት አይቶ የሚለየውንና አንቲቦዲ (በሽታ ተከላካይ ፕሮቲን) የሚያመርትበትን የቫይረሱን ገጽ ነው። ቫይረስ ያለ ሕያው ሴል አይራባም። ስለዚህ ለክትባት የሚሆነው አፍተግር በብዛት የሚራባው በላቦራቶሪ ጠርሙስ ውስጥ፣ ቢኤችኬ-21 በሚባሉ፣ መነሻቸው የሃምስተር ግልገል ኩላሊት በሆነ ሴሎች ላይ ነው። ከብት ውስጥ ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባው ኢንቴግሪን የሚባል ፕሮቲን ይዞ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ግን ሄፓራን ሰልፌት የተባለ የስኳር ሰንሰለት በሴሎቹ ላይ ሞልቷል። ቫይረሱ ራሱን ሲገለብጥ የሚስተውን የሚያርምለት የለም፤ ከብዙ ግልባጮች መካከል ስኳሩን መጨበጥ የቻለው ሌሎቹን ቀድሞ ይባዛል። ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ በተሻገረ ቁጥር ወገኑ እየበዛ ይሄዳል።

ከሰባቱ ዓይነቶች አንዱ በሆነው በኦ ላይ ለዚህ የሚበቃው ትንሽ ነገር ነው። ቪፒ3 በተባለው የቅርፊቱ ፕሮቲን 56ኛው ቦታ ላይ ሂስቲዲን የተባለው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) በአርጂኒን ሲተካ ቫይረሱ ስኳሩን ይይዛል። አንቲቦዲ ከሚያነጣጥርባቸው ቦታዎች አንዱም እዚያው ነው። ጠርሙስ ውስጥ አንቲቦዲ የለም፤ ቫይረሱ ከማንም ለማምለጥ አልተለወጠም። መያዣውን ሲቀይር መልኩ አብሮ ተቀየረ እንጂ። በዚህ መልክ የሠለጠነ ሰውነት የሜዳውን ቫይረስ አሳንሶ ሊያውቀው ይችላል።

ማሻገር ሁሉ ግን ጉዳት አይደለም። ወሎን በክፉ ቀን ያራቆተውን፣ ደስታ የተባለውን የከብት በሽታ ያጠፋው ክትባት በጥጃ ኩላሊት ሴል 90 ጊዜ ያህል ከተሻገረ ቫይረስ የተገኘ ነው። ማሳመሙን አጣ፤ የመከላከል አቅም መስጠቱን ግን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ2011 ደስታ ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። እኔ ይህን ከእንስሳት ሕክምና ታላላቅ ሥራዎች አንዱ አድርጌ አየዋለሁ።

ለአፍተግር ግን ጥንቃቄው ሌላ ነው። አምራቾች የዘር ቫይረሱን በበረዶ አቆይተው የማሻገሪያውን ቁጥር ይገድባሉ። የተከተበ ከብት ደም ውኃም ከሜዳው ቫይረስ ጋር ይገጣጠማል፤ ለሜዳው ቫይረስ ያለው ምላሽ ለክትባቱ ቫይረስ ላለው ሲካፈል ውጤቱ ከ0.3 በታች ከሆነ ክትባቱ በደንብ ላይከላከል ይችላል። ባቲ ገበያ ከወጣ ከብት ላይ በሽታው ቢታይ ከምላስ አዲስ የፈነዳ ቋጠሮ ቆዳ ተቆርጦ፣ በቀዝቃዛ ዕቃ ኮምቦልቻ ወዳለው የእንስሳት ላቦራቶሪ ቶሎ ቢደርስ፣ ቫይረሱ ጠርሙስ ሳይለምድ የዘር ቅደም ተከተሉ ከናሙናው በቀጥታ ሊነበብ ይችላል።